የወለቀው ክራውን የማን ነው? ከጎንደር የጥርስ ላብራቶሪ ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለከተማችን የጤና ተቋማት ቁጥጥር ኃላፊዎች፣
እንዲሁም በጎንደርና በዙሪያዋ ለምትሠሩ የጥርስ ሐኪሞች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን የምንጽፍላችሁ ክራውን (በተሞረደ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ሽፋን)፣ ብሪጅ (የጎደለን ጥርስ ከግራ ቀኙ ጥርሶች ጋር አያይዞ የሚተካ) እና ተነቃይ ጥርስ የምንሠራ ቴክኒሽያኖች ነን። ሕመምተኛው አያውቀንም። ፒያሳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ብንጋጭ እንኳ ማን እንደሆንን አይለይም። አፉ ውስጥ ያለውን ጥርስ ግን ሰሙን የቀረጽነው፣ ብረቱን ያቀለጥነው፣ ፖርስሊኑን በብሩሽ የደረብነው እኛ ነን።

ባለፈው ሚያዝያ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በየላብራቶሪያችን ደረሰን። አጭር ነው፣ ሁለት አንቀጽ። የሕዝብ ቅሬታ ስለበዛ በአንድ ዓመት ውስጥ የወለቀ፣ የተሰበረ ወይም ድድ ያሳበጠ ክራውንና ብሪጅ ሁሉ የሠራው ላብራቶሪ በራሱ ወጪ ይተካ ይላል። ጥፋቱ ከተደጋገመ የሥራ ፈቃዳችን እንደሚታይም ተጽፏል። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ከእኛ አንድም ሰው አልተጠየቀም። ጥርሱ እንዴት እንደተሞረደ፣ ልኬቱ እንዴት እንደተወሰደ የሚያነሳ አንድ ቃል የለበትም። ክራውን ከሰማይ ወርዶ አፍ ውስጥ የሚገባ ነው የሚመስለው።

ቅሬታው እውነት ነው፤ ይህን አንክድም። ሰው ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ የከፈለበት ጥርስ ይወልቃል፣ ይሰበራል፣ ይሸታል። እኛን ያናደደን ሌላ ነው። ክራውን የሚሠራው የተሞረደውን ጥርስ ተከትሎ ነው። ጥርሱ አለቦታው ከተሞረደ፣ ቴክኒሽያኑ የቱንም ያህል እጀ ወርቅ ቢሆን፣ የቱንም ዓይነት ማሽን ቢያቆም፣ ደህና ክራውን አይወጣለትም። የሚሞርደው ሐኪሙ ነው። ልኬቱን የሚወስደውም እሱ፣ መጨረሻ ላይ በሲሚንቶ የሚያጣብቀውም እሱ። እናንተ ሂሳቡን መሐል ላይ ለቆመው ሰው ሰጣችሁት።

በነገር ከምንጨቃጨቅ ያየነውን እንናገር።

አንድ አባት ነበሩ፣ ከዳባት በኩል የሚመጡ ገበሬ። የታች መንጋጋቸው ነርቩ ታክሞ የብረት ክራውን ታዘዘለት። ሠርተን ላክን። በሁለት ሳምንት ወለቀ። እንደገና መጡ፣ ተጣበቀላቸው፣ ወለቀ። በሦስተኛው ቤታቸው እራት ሲበሉ ከእንጀራው ጋር ዋጡት። «ጥርሴን በላሁት» እያሉ ሲስቁ እኛም አብረን ሳቅን፤ ሦስት ጊዜ የመኪና ከፍለው መምጣታቸው ግን አያስቅም። ክሊኒኩ የነገራቸው ላብራቶሪው አስፍቶ እንደሠራው ነው። ሞዴላቸውን፣ ማለትም ከልኬቱ የተቀዳውን የጥርሳቸውን የጀሶ ቅርጽ፣ ከካርቶን አውጥተን በካሊፐር ለካን። የተሞረደው ጥርስ ቁመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጎኖቹ ደግሞ ወደ ላይ ሾጥጠው ቁጭ የመሶብ ክዳን ሆነዋል። የመሶብ ክዳን እንዲያ ሾጣጣ የሆነው በአንድ እጅ ብድግ እንዲል ነው። ክራውንም በዚያ ቅርጽ ላይ ሲቀመጥ እንደዚያው ብድግ ይላል።

ልኩ ምሥጢር አይደለም፣ ሁላችሁም ተምራችሁታል። መንጋጋ ጥርስ ተሞርዶ ሲያልቅ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር፣ ሌሎቹ ጥርሶች ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ሊቀራቸው ይገባል። የሁለቱ ፊት ለፊት ጎኖች ዝንባሌ ተደምሮ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ውስጥ ቢሆን ክራውኑ ይይዛል። ነርቩ ለታከመ ጥርስ ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጤነኛ የራሱ አካል ዙሪያውን ሊኖረውና ክራውኑ ያንን ጨብጦ ሊቀመጥ ይገባል፤ የእኚህ አባት ጥርስ ከግማሽ በላዩ መሙያ ነበር። ጥርሱ አጭር ቢሆንም እኮ መላ አለው። በጎኑ ቦይ ይወጣለታል፣ ወይም ድዱ በቀዶ ሕክምና ዝቅ ተደርጎ ቁመት ይገኝለታል። ካልሆነም «ይህ ጥርስ ክራውን አይችልም» ብሎ ለሕመምተኛው መንገር ነው። እሱም ሙያ ነው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ክራውኑን የሚይዘው ሲሚንቶው ይመስለዋል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ሲሚንቶ ዋና ሥራው በጥርሱና በክራውኑ መካከል ያለችውን ክፍተት መሙላት ነው። የሚይዘው ቅርጹ ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ የወለቀን ክራውን ለአራተኛ ጊዜ ማጣበቅ ምን ይባላል? እኛ ስም አላገኘንለትም።

ቀጥሎ የቦታ ነገር አለ። ከሁሉ በላይ የሚያስለቅሰን ይሄ ነው፣ ትንሽ ታገሱን።

ባለፈው ጥር ልጃቸውን ሊድሩ የተዘጋጁ እናት አራት የላይ የፊት ጥርስ አሠሩ። የትእዛዝ ወረቀቱ «ፖርስሊን፣ ኤ ሁለት፣ ቀጭን ይሁን፣ ለሐሙስ» ይላል። ኤ ሁለት የቀለሙ ቁጥር ነው። በቃ ይኸው ነው። ሞዴሉን ስናየው የጥርሶቹ ፊት የተነካው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እስኪ አብረን እንቁጠር። ይህ ፖርስሊን የሚደረበው ብረት ላይ ነው። ለብረቱ ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር። የብረቱን ጥቁረት ለሚሸፍነው ኦፔክ 0.2። ቀለሙንና ጥርስ ጥርስ የሚለውን መልክ ለሚሰጠው ፖርስሊን ቢያንስ 0.7። ሲጠቃለል 1.2 ነው፤ 1.5 ሲሆን ደግሞ እፎይ ብለን እንሠራለን። ይህን ሁሉ በግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ አስገቡ ስንባል ያለን ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ፖርስሊኑን አሳስተን ጀሶ የመሰለ ድርቅ ያለ ነጭ ጥርስ እናወጣለን፣ ወይ አወፍረን ከንፈር እናስገፋለን። አወፈርነው። እናትየዋ ላብራቶሪያችን ድረስ መጡ። «የፈረስ ጥርስ አደረጋችሁኝ» አሉ። ልጃቸው በኋላ የሠርጉን ፎቶ አሳየችን፤ በሁሉም ላይ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል።

ይህን ለሐኪሙ ስንነግረው የሰጠን መልስ «ጥርሱን ለማትረፍ ብዬ ነው ብዙ ያልሞረድኩት» የሚል ነው። ይህን መልስ አንንቀውም። ጤነኛ ጥርስ ተሞርዶ ከሄደ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ለሙሉ ፖርስሊን ክራውን ሲሞረድ ከድድ በላይ ካለው የጥርስ አካል ከ63 እስከ 72 በመቶው ይነሳል። ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው፤ ያስፈራል፣ ሊያስፈራም ይገባል። ግን ፍርሃቱ መምጣት የነበረበት መሞረጃው ቡር ከመያዙ በፊት ነው። ጥርሱን ማትረፍ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ለኋላ መንጋጋ ትንሽ ቦታ የሚበቃውን ሙሉ ብረት ምረጡ፣ ለፊት ጥርስ ደግሞ ሙሉ ክራውን ያስፈልጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ምናልባት በመሙያ ይስተካከላል፣ ምናልባት ፊቱን ብቻ የሚሸፍን ስስ ቬኒር ይበቃዋል። ብዙ ቦታ የሚፈልገውን ዕቃ አዝዞ፣ ለትንሹ ዕቃ የሚሆን ሞርዶ መላክ ግን ጥርሱንም አያተርፍም፣ መልኩንም አያሳምርም። ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው። ምክንያቱም ያ ክራውን ሲመለስ ጥርሱ እንደገና ይሞረዳል፣ ያውም በጥድፊያ።

ዚርኮንያም፣ ነጩ ጠንካራ ሴራሚክ፣ እንደዚያው። አሁን አሁን በከተማው «ዚርኮንያ አይሰበርም» የሚል ወሬ አለ፤ ሐኪሞችም ይደግሙታል። ዚርኮንያ እውነት ጠንካራ ነው። እኛ በማሽን የምንጠርበው ከሚፈለገው መጠን ከ20 እስከ 25 በመቶ አተልቀን ነው፤ ከዚያ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ሲቀመጥ ተኮማትሮ ልኩ ላይ ይመጣል። (መብራት መሐል ላይ ጥርግ ሲል የዚያን ዕለት ሌሊት ምን እንደምንል አትጠይቁን።) ያ ሁሉ ጥንካሬ ግን ውፍረት ይፈልጋል። በማኘኪያው በኩል ለዚርኮንያ 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሊቲየም ዳይሲሊኬት ለሚባለው መስታወት መሰል ሴራሚክ 1.5፣ ብረት ላይ ለሚደረብ ፖርስሊን 2 ሚሊ ሜትር ይተውልን። የሚላክልን ሞዴል ሲገጠም ግን የላይና የታች ጥርስ መካከል ወረቀት የማያሳልፍበት ጊዜ አለ። ስንደውል «አሳሱት፣ ዚርኮንያ አይደል እንዴ!» እንባላለን። አሳስተን እንልካለን። ሰውየው ቡና ላይ ቆሎ ቆረጠም ያደርጋል። ክራውኑ ለሁለት። ጥፋቱ የላብራቶሪው። የናንተ ደብዳቤም ይህንኑ አጸደቀው።

ሌላው መስመሩ ነው። ክራውኑ የት ላይ ማለቅ እንዳለበት የሚነግረን የሞረዳችሁት ጠርዝ ነው፣ ማርጂን የምንለው። ሾልደር (እንደ ደረጃ ቀጥ ያለ) ይሁን ቻምፈር (ጎድጎድ ብሎ የዞረ) እንደ ዕቃው ነው፤ ዋናው ጥርት ብሎ መታየቱ ነው። ጀሶው ሲደርቅ ያንን መስመር በቀይ እርሳስ እናሰምርበታለን። አዲስ የገባ ልጅ አብሮን ይሠራል። ከጥቂት ወራት በፊት እርሳሱን ይዞ አንድ ሞዴል ላይ ረጅም ጊዜ አፈጠጠና «ጋሼ፣ መስመሩ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። አየሁት። የለም። በአንድ በኩል ጭረት አለ፣ በሌላ በኩል ጥርሱና ድዱ ተቀላቅለዋል፣ ከጀርባ በኩል በልኬቱ ላይ አረፋ ስለነበረበት የጀሶ ጉብታ ወጥቷል። ምን ልበለው? «ገምተህ አስምር» አልኩት። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ያንን ቀን ያልኩት ይህንኑ ነው።

ገምተን ስናሰምር ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ፣ ከ1,000 በላይ ሥራዎችን ለአምስት ዓመት የተከታተለ የእንግሊዝ ጥናት በክራውኑና በጥርሱ መካከል የሚኖረው ክፍተት ከ0.12 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው ብሏል፤ እስከ ዛሬም ያ ቁጥር ይጠቀሳል። በግምት የተሰመረ ማርጂን እዚያ ውስጥ ከወደቀ ዕድል ነው። ክራውኑ ካጠረ የተከፈተው ቦታ ምግብ ይይዛል፣ ጥርሱ ከሥር ይበሰብሳል። ከረዘመ ድዱን ይወጋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ጠርዙ እንዳይታይ ብላችሁ ቡሩን ከድድ ሥር በጣም ትሰዱታላችሁ። ከአጥንቱ በላይ ድዱ ከጥርሱ ጋር የሚያያዝበት ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቦታ አለ፤ እሱ ከተነካ ድዱ ዝም አይልም። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲቦረሽ ይደማል። ከዚያ «ብረቱ አልተስማማትም» ይባላል። አዎ፣ በብረቱ ውስጥ ያለው ኒኬል የማይስማማው ሰው አለ፣ ይህን እናውቃለን። ግን ድዱ ያበጠበት ሰው ሁሉ ኒኬል ያልተስማማው ነው ማለት አይቻልም።

ስለ ውሃም አንድ ነገር፣ በአጭሩ። ከተማችን ውሃ በፈረቃ እንደሚያገኝ ማንም ያውቃል። ታንከሩ ሲያልቅ ወይም መስታወቱን እርጥበት ሲጋርደው ያለ ውሃ የሚሞርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 በጦጣዎች ላይ የተሠራና በየጥርስ ትምህርት ቤቱ የሚጠቀስ ጥናት፣ የጥርስ ውስጠኛው ክፍል ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ሲጨምር ከጥርሶቹ 15 በመቶው ነርቫቸው ሳያገግም እንደቀረ አሳይቷል። ክራውን ካሠራ በኋላ ሌሊት ሌሊት ጥርሱ እየጠዘጠዘ የሚያስጮኸው ሰው ወደ እኛ ተልኮ ያውቃል። «ክራውኑ ከብዶህ ነው፣ ላብራቶሪው ያቅልልልህ» ተብሎ! ውሃ የሌለ ቀን አለመሞረድ ነው፣ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ልኬት። ከአዘዞ አንድ ልኬት በባጃጅ ይላክልናል፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። አልጂኔት ነው። አልጂኔት በውሃ የሚቦካ የልኬት ዱቄት ስለሆነ አብዛኛው ውሃ ነው፤ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ቢነከር ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ጀሶ መፍሰስ ያለበት በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ባጃጁ መንገድ ላይ ሦስት ሰው ጭኖ፣ አውርዶ፣ ምሳውን በልቶ ይደርሳል። በዚያ ላይ ብሪጅ እንድንሠራ ነው የታዘዝነው! አልጂኔት ለተነቃይ ጥርስ፣ ለተቃራኒው መንጋጋ ይሁን፣ አንከለክልም። ለክራውንና ለብሪጅ ግን አዲሽን ሲሊኮን የሚባለውን የልኬት ዕቃ ተጠቀሙ፤ እሱ ለቀናት ልኩን ስለማይለቅ ከደባርቅም ከመተማም በሰላም ይደርሳል። ስታቦኩት ግን የላቴክስ ጓንታችሁን አውልቁ፤ በጓንቱ ውስጥ ያለው ድኝ ሲሊኮኑ እንዳይጠነክር ያደርገዋል። ይህንን የማያውቁ እንዳሉ የሚመጣልን ሙጭጭ ያለ ልኬት ይነግረናል። ደም የነካውን ልኬት ሳታጸዱ መላክም ይቅር። እኛም ቤት የምንመለስበት ልጅ አለን።

መተማን ካነሳን አይቀር፦ ከዚያ የመጣ ወጣት ጥርሱ ተሞርዶ፣ ልኬት ተወስዶለት፣ ጊዜያዊ ክራውን ሳይደረግለት ሄደ። መንገድ ተዘጋና የተመለሰው ከወር በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ ወር ውስጥ ጎረቤት ጥርሶቹ ወደ ባዶው ቦታ ተጠጉ። ክራውኑ ሞዴሉ ላይ ልክክ ይላል፣ አፉ ውስጥ አይገባም። ጊዜያዊ ክራውን በክሊኒክ ውስጥ በደቂቃዎች የሚሠራ ነገር ነው። አለመሠራቱ ያሳዝናል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ስልኩ ነው።

ብሪጅ ታዘዘ። ሦስት ጥርስ፣ ሁለቱ ምሰሶዎች፣ መሐሉ የጎደለው። የኋላው ምሰሶ ወደ ፊት ያዘመመ ነው፣ የፊተኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ካልተሞረዱ ብሪጁ በየት በኩል ይግባ? በሰም እንኳ ሞክረን አልገባም። ደወልን። «ዶክተር፣ ምሰሶዎቹ አቅጣጫቸው አልገጠመም፣ የኋላውን ትንሽ ቢነኩትና ልኬቱን ቢደግሙት» አልን። የተሰጠን መልስ ቃል በቃል ይኸው፦ «አንተ ቴክኒሽያን ነህ። የተላከልህን ሥራ።» ስልኩ ተዘጋ። ያ ሐኪም ለብዙዎቻችን ትልቁ ደንበኛ ነው። ሥራውን ብንመልስበት ነገ ልኬቱን ወደ ሌላ ላብራቶሪ ይወስደዋል፣ ከዚያም አልፎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይልከዋል። እኛ ኪራይ እንከፍላለን። ስለዚህ ብሪጁን ከውስጥ በኩል ፈቅፍቀን፣ አላልተን፣ እንዲገባ አድርገን ላክነው። ገባ። በስድስተኛው ወር ወለቀ። በናንተ ደብዳቤ መሠረት አሁን በነጻ እንተካዋለን፣ በዚያው በተዛነፈ ምሰሶ ላይ፣ ለዚያው ሐኪም።

ይህን ስንል ራሳችንን ጻድቅ አድርገን አይደለም። ከእኛም መካከል የማርጂኑን ጉድለት በሰም ደፍኖ ዝም የሚል አለ። ምን እንደተቀላቀለበት ወረቀት የሌለውን ብረት በርካሽ ገዝቶ የሚያቀልጥ አለ። አንዴ የቀለጠን ትርፍ ብረት ደጋግሞ የሚጠቀም አለ። ኒኬል ክሮም ውስጥ ቤሪሊየም ካለበት ብናኙ ሳንባ እንደሚጎዳ እያወቅን ያለ አቧራ መምጠጫ የምንሞርድ አለን፣ ራሳችንን ነው የምንጎዳው። እነዚህን ብትቆጣጠሩ እናመሰግናለን። ግን ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሲመጡ የሚያዩት ፈቃዱ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን፣ ጋወን መልበሳችንንና የቆሻሻ መጣያውን ክዳን ነው። ክሊኒክም ሲሄዱ ያው ነው። አንድም ቀን አንድ ተቆጣጣሪ «እስኪ ባለፈው ሳምንት የተሞረዱትን ሞዴሎች አሳዩኝ» ብሎ አያውቅም። ሞዴሎቹ አሉ እኮ። ቀንና ቁጥር ተጽፎባቸው፣ በጫማ ካርቶን ተደርድረው፣ መደርደሪያው ሞልቶ ወለል ላይ ወርደዋል። ስለ ጥራት ማወቅ የፈለገ ሰው ከዚያ ይጀምር ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

የሚያዝያው ደብዳቤ ለጊዜው ይቁም። ክራውን ወልቆ ወይም ተሰብሮ ሲመለስ አንድ ሐኪም፣ አንድ ቴክኒሽያንና አንድ የናንተ ባለሙያ ሆነው ሞዴሉን ይዩ፤ ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ያለ ክርክር በነጻ እንተካለን፣ የሞራጁ ከሆነ እሱ ይተካ። ሕመምተኛው በሁለቱም በኩል አይክፈል።

ጥርስ ለክራውንና ለብሪጅ ሲሞረድ የሚጠበቀው ዝቅተኛ ልክ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ ተጽፎ በየክሊኒኩ ይለጠፍ። ቁመቱ፣ ዝንባሌው፣ ለየዕቃው የሚያስፈልገው ቦታ፣ የጠርዙ ዓይነት። አዲስ ምርምር አያስፈልገውም፣ ያለውን መጻፍ ብቻ ነው። መለኪያውም ውድ አይደለም፤ ከመሞረዱ በፊት በሲሊኮን የተወሰደ የጥርሱ ቅርጽ ተቆርጦ መልሶ ሲገጠም ስንት እንደተነሳ በዓይን ይታያል፣ በማኘኪያው በኩል ደግሞ ሰም አስነክሶ በካሊፐር መለካት ነው።

የትእዛዝ ወረቀቱ ወጥ ይሁን። የዕቃው ዓይነት፣ ቀለሙ፣ ልኬቱ በምን እንደተወሰደና በስንት ሰዓት፣ ጊዜያዊ ክራውን መደረግ አለመደረጉ፣ የሞረደው ሐኪም ፊርማ። «ቀጭን ይሁን፣ ለሐሙስ» ትእዛዝ ሊባል አይገባውም።

ልኩን ያልጠበቀ ሥራ ሲመጣ ምክንያቱን ጽፈን የመመለስ መብት ይሰጠን፣ በመመለሳችንም እንዳንቀጣ በጽሑፍ ይረጋገጥልን። ሁሉም ላብራቶሪ እኩል ከመለሰ ሐኪሙ ወደ ሌላ ቢወስደው አያመልጥም፤ ስለዚህ መመሪያው ለሁላችንም አንድ ይሁን።

በከተማችን የጥርስ ሕክምና የሚማሩ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ላብራቶሪ ገብተው ይቀመጡ። በራሳቸው በሞረዱት ጥርስ ላይ ራሳቸው ሰም ይቅረጹ። ቦታውን እኛ እንሰጣለን፣ ሻይም እናፈላለን።

ለሐኪሞች ለብቻ፦ ስንደውልላችሁ ስልኩን አንሱ። ልንከሳችሁ አይደለም የምንደውለው፤ ሞዴሉ እጃችን ላይ ስላለና እናንተ አፍ ውስጥ ያላያችሁት ነገር ስለታየን ነው። ብዙዎቻችሁ ታነሳላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ጉዳዩን ሰምታችሁ ሕመምተኛውን መልሳችሁ ጠርታችኋል፤ የእናንተ ሥራ ከሌላው ባነሰ እንደሚመለስብን ታውቁት ዘንድ ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በምትጠሩን ቀን ከየላብራቶሪው ሞዴሎች መርጠን፣ የሕመምተኛውንም የሐኪሙንም ስም ሸፍነን፣ ካሊፐራችንን ይዘን እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በጎንደር ከተማ የጥርስ ላብራቶሪ ባለሙያዎች
ስለ ባልደረቦቹ የጻፈው፦ የክራውንና የብሪጅ ቴክኒሽያን
ግንቦት 2017 ዓ.ም.